ገመድ ሰክታችሁም ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ከሆነ፦ ሜሽ ራውተር ላላችሁ

ሜሽ፣ ማለትም ዋይፋዩን ለቤቱ በሙሉ ለማዳረስ እርስ በርስ ሚነጋገሩ ኖድ ሚባሉ ሳጥኖች፣ ቤታቸው ያስገቡ ሰዎች ደጋግመው ሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ስልኬ ላይ በዋይፋይ 400 ሜጋ ያሳያል፣ ዴስክቶፑን ግን በገመድ ሰክቼው 94 ላይ ተገትሮ ቀረ፣ ገመድ ከዋይፋይ ይፈጥናል አይደል እንዴ ሚባለው? ይፈጥናል፣ እሱ ላይ ጥርጥር የለም። ግን ገመድ ሰካሁ ስንል እጃችን ላይ ያለችውን ገመድ ብቻ ነው ምናስበው፣ ከሷ ጀርባ ደሞ ኢንተርኔቱን ከውጪ ሚያስገባው ሞደም አለ፣ ዋናው ኖድ አለ፣ ሁለተኛው ኖድ አለ፣ መሀል ላይ ምናልባት አንዱን መስመር ለብዙ ገመድ ሚያካፍል ስዊች አለ፣ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ማንም አይቶት ማያውቅ ገመድ አለ፣ መጨረሻ ላይ ገመዱ ሚሰካበት የኮምፒውተሩ ፖርት አለ፣ እና ከነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ደካማ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሁሉም በሱ ልክ ነው ሚሄደው።

ጥሩው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ስፒድ ቴስቱ ላይ ሚወጣው ቁጥር ራሱ ጥፋቱ የት ጋ እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። 94 ላይ ቀጥ ብሎ ሚቆም ቁጥርና አንዴ 180 አንዴ 320 እያለ ሚዋዥቅ ቁጥር ሁለቱም "ቀርፋፋ" ይባላሉ እንጂ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። ስለዚ አዲስ ራውተር ከመግዛታችሁ ወይ ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት ቁጥሩን ደህና አድርጋችሁ እዩት። ደጋግማችሁ ለኩት፣ ቪፒኤን ካለ አጥፉት፣ ከተቻለ ከብራውዘር ይልቅ አፑን አውርዳችሁ በሱ ለኩ፣ ምክንያቱም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብራውዘሩ ራሱ ከብዶት ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ስለ መለኪያው ደሞ ትንሽ ልበል፣ እዚ ጋ ሚደናገር ሰው ብዙ ነው። ኢንተርኔት ሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ እንደ አይዲኤምና ስቲም ያሉ ፕሮግራሞች ዳውንሎድ ሲያደርጉ ሚያሳዩት ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚ ዳውንሎዱ 11 ነጥብ ምናምን ሜጋባይት በሰከንድ ላይ ከቆመ ያው 94 ሜጋቢት ነው፣ ስምንቴ አባዙት። ሌላም አለ፣ ፓኬጃችሁ 25 ወይ 50 ሜጋ ከሆነ የ94ቱ ጉዳይ እናንተን አይነካም፣ ገመዳችሁ ጊጋ፣ ማለትም 1000 ሜጋ፣ ቢሆንም ባይሆንም ከፓኬጁ በላይ አታገኙም። ይሄን ምለው ገንዘባችሁን አላስፈላጊ ነገር ላይ እንዳታወጡ ነው።

እሺ፣ 94። ይሄ ቁጥር ወይም አጠገቡ ያለ ነገር፣ 93፣ 95፣ ካያችሁና ፓኬጃችሁ ከ100 በላይ ከሆነ፣ መንገዱ ላይ የሆነ ቦታ በ100 ሜጋ ሚሠራ ግንኙነት አለ ማለት ነው፣ በርግጠኝነት ማለት ይቻላል። ለምን 100 አልሆነም ካላችሁ፣ ዳታው ተቆራርጦ ሚላክበት እያንዳንዱ ፓኬት ሽቦው ላይ ሲሄድ ከነ አድራሻው፣ ከነ መቆጣጠሪያውና ከነ ክፍተቱ 1538 ባይት ያህል ቦታ ይይዛል፣ ከሱ ውስጥ የእናንተ ዳታ 1448 ወይ 1460 ባይት ብቻ ነው፣ ስታካፍሉት 94 ከመቶ ገደማ ይመጣል። በጊጋ መስመር ላይም ሂሳቡ ያው ነው፣ ለዛ ነው ጊጋ ፓኬጅ ያለው ሰው በገመድ ለክቶ 940 ሲያይ ሁሉም ነገር በትክክል እየሠራ ነው ሚባለው፣ የጎደለችው 60 ማንም የሰረቃት አይደለችም።

አሁን 100 ላይ ለምን ይወርዳል ሚለውን እንይ፣ እዚ ጋ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሚያጋጥመው ይሄ ነው። የኢተርኔት ገመድ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦ አለ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ 4 ጥንድ። በ1995 የወጣው የ100 ሜጋ ስታንዳርድ ከነዚህ ሁለቱን ጥንድ ብቻ ነው ሚጠቀመው። በ1999 የመጣው የጊጋ ስታንዳርድ ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፣ ስምንቱም ሽቦ ደህና መሆን አለበት። እና አንዷ ሽቦ ስትበጠስ ወይ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ ኮኔክተር ውስጥ በደንብ ሳትነካ ስትቀር ምን ይሆናል? ሁለቱ መሣሪያዎች ጊጋ ለመሥራት ይሞክራሉ፣ አልሆን ሲላቸው አብዛኞቹ ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፣ ምንም ማስጠንቀቂያ አይወጣም፣ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ዙም ይሠራል፣ ሰውየው ለዓመታት የጊጋ ሂሳብ እየከፈለ 94 ሲጠቀም ሊኖር ይችላል፣ ይሄ ነገር በጣም ነው ሚያናድደኝ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ መፍትሄው አንድ ርካሽ ገመድ መቀየር ነው።

እስቲ ኮኔክተሩን ቀርባችሁ እዩት። ፕላስቲኩ ግልጽ ስለሆነ ውስጡ ይታያል፣ መያዣዋን ምላስ ወደ ታች አድርጋችሁ ጫፉን ወደ ፊት ስትይዙት ከግራ ወደ ቀኝ ቀለሞቹ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ ሆነው ይደረደራሉ፣ በብዛት ሚሠራበት አደራደር ይሄ ነው፣ ብርቱካናማና አረንጓዴው ቦታ ሚቀያየሩበት ሌላ አደራደርም አለ፣ ሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ችግር የለውም። ስምንቱም ሽቦ እስከ ጫፉ ድረስ መግባት አለበት። አንዷ ወደ ኋላ የቀረች ካለች፣ ወይ ውጪ ያለው ወፍራም ልባስ ኮኔክተሩ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች አንገታቸው ላይ ከታዩ፣ ሥራው ጥሩ አይደለም። መቶ ሜጋ ሚሠራው በብርቱካናማና በአረንጓዴው ጥንድ ነው፣ ስለዚ ሰማያዊው ወይ ቡናማው ቢበጠስ ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ልክ 94 ላይ ይቆማል። ምላሷ የተሰበረች ገመድም እንደዚሁ ናት፣ የተሰካች ትመስላለች ግን ትንሽ ወደ ኋላ ወጥታለች።

ይሄንን ለማረጋገጥ ስፒድ ቴስት እንኳን አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዛ ኢተርኔት ግቡና ወደ ታች ስትወርዱ ሊንክ ስፒድ ሚል ታገኛላችሁ፣ 1000/1000 ካለ ኮምፒውተራችሁና ከሱ ቀጥሎ ያለው መሣሪያ በጊጋ ነው ሚነጋገሩት፣ 100/100 ካለ ጥፋቱ እዛችው ገመድ ላይ ወይ በሁለቱ ጫፎቿ ላይ ነው። ማክ ላይ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ኢተርኔት፣ ዲቴይልስ፣ ሃርድዌር ሚለው ውስጥ አለ። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ሚያሳየው የመጨረሻዋን ግንኙነት ብቻ ነው። 1000 እያለ ስፒድ ቴስቱ 94 ከሆነ ደካማው ቦታ ወደ ኋላ ነው ያለው፣ በኖዱና በስዊቹ መሀል፣ ወይ በዋናው ኖድና በሞደሙ መሀል፣ እዛ ያሉትን ገመዶች አንድ በአንድ በደህና ገመድ እየቀየራችሁ ሞክሩ።

ገመዱ ጤነኛ ሆኖ ፖርቱ ራሱ 100 ብቻ ሊሆንም ይችላል፣ ይሄ ደሞ ሰው ማይጠረጥረው ነው። ርካሽ ከሆኑት ሜሾች ውስጥ እንደ ቲፒ ሊንክ ዲኮ ኢ4 እና ቴንዳ ኖቫ ኤምደብሊው3 ያሉት የገመድ ፖርታቸው 100 ሜጋ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ግን ትልቅ ሆኖ ሚጻፈው የዋይፋዩ ቁጥር ነው፣ ስለዚ እነዚህን የገዛ ሰው ገመድ ቢቀያይር ቢውል ከ94 አያልፍም፣ መፍትሄው ጊጋ ፖርት ያለው ሞዴል መግዛት ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ስፔኩ ላይ 10/100 ወይስ 10/100/1000 እንደሚል አንብቡ፣ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው 1000 ናት። ፋይበር ሲገባላችሁ ድርጅቱ ከሚያስቀምጣቸው ሳጥኖችም አንዳንዶቹ አራት ፖርት ኖሯቸው ጊጋ ሚሠራው ላን 1 ሚለው ብቻ ነው፣ የቀሩት ሦስቱ 100 ናቸው፣ አዲስ አበባም ያላችሁ ይሄን ፈትሹ፣ ዋናው ኖድ ላን 3 ላይ ተሰክቶ ከሆነ ወደ ላን 1 ማዛወር ብቻ ሊበቃ ይችላል። ድሮ የተገዛ ስዊችም እንደዛው። ስማርት ቲቪ ደሞ፣ ውድ የሚባሉትም ሳይቀሩ ብዙዎቹ የገመድ ፖርታቸው 100 ሜጋ ነው፣ እዛ ላይ 94 ብታዩ ምንም አትጨነቁ፣ ኔትፍሊክስ ለ4ኬ ፊልም ሚጠይቀው 15 ሜጋ ያህል ነው፣ ቲቪው ይበቃዋል።

የቆየ ቤት ለገዙ ሰዎችም አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ታውንሃውሶች ግድግዳቸው ውስጥ ካት 5ኢ ሚባል ጊጋ መሸከም ሚችል ደህና ገመድ አላቸው ግን የተዘረጋው ለቤት ስልክ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው መሰኪያ ላይ ሁለት ወይ አራት ሽቦ ብቻ ታስሮ ሌሎቹ ወደ ኋላ ታጥፈው ተቀምጠዋል። መሰኪያውን ፈታችሁ ስምንቱንም ሽቦ በሁለቱም ጫፍ በትክክል ካሰራችሁ ያው ገመድ ጊጋ ይሠራል፣ ግድግዳ መቅደድ የለም። ይሄን ሥራ ራሳችሁ ማትችሉ ከሆነ ገመድ ሚዘረጋ ባለሙያ ለመሰኪያው ብቻ አስመጡ፣ አዲስ ገመድ ከማስዘርጋት በጣም ይቀላል።

ገመድ ስትገዙ ደሞ ስሙ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ለጊጋ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ይበቃል፣ 2.5 ጊጋም ይሸከማል። ካት 6 ለ10 ጊጋ እስከ 55 ሜትር፣ ካት 6ኤ እስከ 100 ሜትር። ተራ ቤት ውስጥ ከካት 6 በላይ ሚያስፈልገው ሰው አላየሁም፣ ካት 8 እየተባለ ለቤት ሚሸጠው ገንዘብ ማባከን ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ የሽቦው ዓይነት ላይ ነው። መርካቶም ይሁን ኦንላይን በጣም ርካሽ የሆነው ገመድ ብዙ ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ በስሱ መዳብ የተቀባ ነው። ጫፉን ላጡና አንዷን ሽቦ በምላጭ ቀስ አድርጋችሁ ፋቋት፣ እየፋቃችሁም መልኳ ቀይ ዳማ ከሆነ መዳብ ነው፣ ነጭ ብር ብር ሚል ነገር ከወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በደንብ አያስተላልፍም፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ረጅም ርቀት ላይ ስሕተት ያበዛል፣ ካሜራ ወይ ሌላ መሣሪያ በዛው ገመድ መብራት እንዲያገኝ ካደረጋችሁ ደሞ ሊሞቅ ስለሚችል ለእሳትም አደጋ ነው። ግድግዳ ውስጥ ሚቀበር ገመድ ከሆነ እባካችሁ ሙሉ መዳብ ግዙ፣ በኋላ ማውጣቱ ነው ሚያስከፍለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ቁጥር እንምጣ። 94 ላይ አይቆምም፣ ይዋዥቃል፣ ጠዋት 350 ማታ 140፣ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀያየራል። የኮምፒውተሩ ሊንክ ስፒድ ደሞ 1000 ነው ሚለው። ይሄ የሜሽ ሰዎች ችግር ነው፣ ብዙ ሰው ደሞ ገመድ ሰክቶ ዋይፋይ እየተጠቀመ መሆኑን አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንድ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ አስቡ፣ ሞደሙና ዋናው ኖድ ሳሎን ናቸው፣ ሁለተኛው ኖድ ቤዝመንት፣ ልጁ ጌም ሚጫወትበት ኮምፒውተር በገመድ ቤዝመንት ካለው ኖድ ጋ ተገናኝቷል። ከኮምፒውተሩ እስከ ኖዱ ያለችው አንድ ሜትር ገመድ ናት፣ ከኖዱ እስከ ሳሎን ያለው ግን ፎቁን ሰንጥቆ ሚሄድ ዋይፋይ ነው። ባክሆል ሚባለው ይሄ ነው። ገመዱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ባክሆሉ ከሚያመጣለት በላይ ለኮምፒውተሩ ማድረስ አይችልም።

ከዛም በላይ፣ ኖዱ ሁለት ባንድ፣ ማለትም ሁለት የዋይፋይ ሞገድ፣ ብቻ ካለው ከዋናው ጋ ሚነጋገርበትና ለቤዝመንቱ ስልኮች ዋይፋይ ሚሰጥበት ሬድዮ አንድ ነው። ሀኪም ቤት አስተርጓሚ ይዛችሁ ስትገቡ እንደሚሆነው ነው፣ ሀኪሙ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ይሰማል፣ ከዛ መልሶ ለናንተ ይናገራል፣ አንድ አፍ ስላለው ሁለቱን ባንዴ አያደርግም፣ እና ሁለት ደቂቃ ሚፈጀው ወሬ አራት ደቂቃ ይወስዳል። ለዛ ነው እንዲህ ዓይነት ኖድ ላይ በዋይፋይ የተገናኘ ስልክ ከዋናው ኖድ ፍጥነት ግማሽ ገደማ ሚያገኘው፣ ሦስተኛ ኖድ ከሁለተኛው ጋ በዋይፋይ ከተያያዘ ደሞ እንደገና ይቀንሳል። በገመድ የተሰካው ኮምፒውተር ከዚህ ትንሽ ይሻላል ምክንያቱም የመጨረሻዋ መንገድ አየር ላይ አይደለችም፣ ግን ቤዝመንት ያሉት ስልኮች ሁሉ ያችኑ ሬድዮ ስለሚሻሙ ቁጥሩ ሚዋዥቀው ለዛ ነው። ሦስት ባንድ ካላቸው ሞዴሎች ብዙዎቹ አንዱን ባንድ ለባክሆል ይለቁታል፣ እነሱ ላይ ጉዳቱ ያንሳል፣ ዋጋቸውም የተወደደው ለዛ ነው።

ባክሆሉ በምን እንደሆነ የሜሹ አፕ ላይ ማየት ትችላላችሁ፣ ኖዱን ስትነኩት ግንኙነቱ ኢተርኔት ወይ ዋየርድ ይላል፣ አለዚያ የዋይፋይ ምልክት ያሳያል። ገመድ ዘርግታችሁለት እያለ የዋይፋይ ምልክት ካሳየ ገመዱን አውቆ አልወሰደውም ማለት ነው፣ ኖዱን አጥፍታችሁ ገመዱ እንደተሰካ አብሩት፣ እንቢ ካለ ገመዱን ወይ ስዊቹን ፈትሹ።

እዚ ጋ አንድ የአሰካክ ነገር አለ፣ በጣም ብዙ ቤት ውስጥ ሚገኝ። ድርጅቱ ያመጣው ሳጥን ራሱ አራት ፖርት ስላለው ሰዉ ዋናውን ኖድ አንዱ ላይ፣ ሁለተኛውን ኖድ ደሞ ሌላው ላይ ይሰካዋል፣ ሁለቱም ገመድ አገኙ ብሎ። ዋናው ኖድ ራውተር ሆኖ እየሠራ ከሆነ ይሄ ትክክል አይደለም፣ ሁለተኛው ኖድ ከዋናው ኋላ መሆን አለበት፣ ማለትም ገመዱ ከዋናው ኖድ ላን ፖርት ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፣ ፖርት ካነሰ ከዋናው ኖድ በኋላ ስዊች ይገባል። ሞደም፣ ዋና ኖድ፣ ስዊች፣ ከዛ ሌሎቹ፣ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ከስዊቹ ወደ አንድ ኖድ ሁለት ገመድ አትስኩ፣ ዳታው እየዞረ ኔትወርኩን በሙሉ ሊያንቀው ይችላል።

ገመድ መዘርጋት ካልተቻለስ? አሜሪካ ላሉት ጥሩ አማራጭ አለ፣ ለኬብል ቲቪ የተዘረጋው ወፍራም ኮአክስ ብዙ ክፍል ውስጥ አለ፣ ሞካ ሚባል አዳፕተር በሁለቱ ጫፍ ታስገባላችሁ፣ ሞካ 2.5 ሚለው እስከ 2.5 ጊጋ ይደርሳል፣ ለባክሆል ከዋይፋይ በጣም ይሻላል፣ መግቢያው ላይ ምልክቱ ከቤት እንዳይወጣ ሚከለክል ትንሽ ፊልተር ማድረግ እንዳትረሱ። በመብራት መስመር ሚሄዱት አዳፕተሮች ግን ካርቶናቸው ላይ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነው ሚሰጡት፣ የቤቱ የመብራት ዝርጋታ ይወስነዋል፣ እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው ምላቸው። እነዚህ ሁሉ ካልሆኑ የኖዱን ቦታ ቀይሩ። ሰው ኖዱን ሚያስቀምጠው ዋይፋዩ ሞቶ የቆየበት ክፍል ውስጥ ነው፣ እዛ ክፍል ውስጥ ግን ኖዱ ራሱም ደካማ ምልክት ነው ሚያገኘው፣ ከዋናውና ከዛ ክፍል መሀል አድርጉት። የኮንዶሚኒየም የኮንክሪት ግድግዳ ዋይፋዩን በጣም ይውጠዋል፣ እስራኤል ያላችሁ ደሞ ማማዱን ታውቁታላችሁ፣ በወፍራም ኮንክሪትና ብረት የተሠራ ክፍል ነው፣ ውስጡ ኖድ አስቀምጦ በዋይፋይ ከሳሎን ጋ እንዲገናኝ መጠበቅ ከባድ ነው፣ በሩን ዘግታችሁ ለኩት፣ ልዩነቱን ታያላችሁ።

ሦስተኛው ቁጥር 94ም አይደለም አይዋዥቅምም፣ ጊጋ ፓኬጅ ላይ 500 ወይ 600 አካባቢ ላይ ይቆማል። ይሄ ብዙ ጊዜ የራውተሩ ጭንቅላት ነው። ራውተሮች ትራፊኩን በፍጥነት ሚያሳልፉት በልዩ ሃርድዌር ነው፣ ኪውኦኤስ ወይ ለጌምና ለቪዲዮ ኮል ቅድሚያ ስጥ ሚለውን፣ አንዳንዱ ላይ የልጆች መቆጣጠሪያውን ወይ ሴኩሪቲ ስካኑን ስታበሩ ያንን አቋራጭ ትቶ እያንዳንዱን ፓኬት ፕሮሰሰሩ ራሱ ማየት ይጀምራል፣ ፕሮሰሰሩ ደሞ ትንሽ ነው። አጥፍታችሁ ለኩ፣ ቁጥሩ ከዘለለ ምክንያቱ ታወቀ። ግን ለልጆቻችሁ ብላችሁ ያበራችሁት ከሆነ 500 ሜጋ ለማንኛውም ቤት ከበቂ በላይ ነው፣ እኔ ብሆን እንደበራ እተወዋለሁ። 300 አካባቢ ላይ ሚቆም ከሆነና ላፕቶፑ ላይ በዩኤስቢ ሚሰካ የኢተርኔት አዳፕተር ምትጠቀሙ ከሆነ ደሞ ምናልባት ዩኤስቢ 2.0 ላይ ነው የሰካችሁት፣ እሱ በወረቀት 480 ነው በተግባር ግን ከዛ በጣም ያንሳል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወደ ሆነው የዩኤስቢ 3 ፖርት አዛውሩት።

በጣም ዝቅ ያለ፣ 5፣ 8 ሜጋ፣ ወይ ዳውንሎዱ ደህና ሆኖ አፕሎዱ ሚሞት ከሆነ ኮምፒውተሩ ውስጥ የኔትወርክ ካርዱ ፕሮፐርቲ ላይ ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ ሚለውን እዩ፣ አውቶ ኔጎሲዬሽን ላይ፣ ማለትም ሁለቱ መሣሪያዎች ፍጥነቱን ራሳቸው ሚስማሙበት ላይ፣ መሆን አለበት። ሰው ፈጥኖ ይሄድልኛል ብሎ በእጁ 100 ፉል ላይ ያደርገዋል፣ ያኔ ወዲያ ያለው መሣሪያ አውቶ ላይ ስለሆነ ሳይግባቡ ይቀሩና እሱ ሃፍ ዱፕሌክስ ላይ፣ መላክና መቀበል ባንዴ ማይቻልበት ላይ፣ ይቀመጣል፣ ከዛ በኋላ ዳታው እየተጋጨ ነው ሚሄደው። ግንኙነቱ እየተቆራረጠ ከሆነ እዛው ያለውን ኢነርጂ ኤፊሸንት ኢተርኔት ሚለውን አጥፍታችሁ ሞክሩ፣ ድራይቨሩንም አድሱ።

ቁጥሩ ግልጽ ነገር ካልነገራችሁ ወይ ሁለት ችግር ተደራርቦ ከሆነ ከምንጩ ጀምሩ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሞደሙ ጋ ሂዱ፣ ሜሹን ንቀሉና በምታምኑት አንድ ገመድ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰኩ፣ ሞደሙን አጥፍታችሁ አብሩት፣ አንዳንዱ አዲስ መሣሪያ ሲሰካ ካልተነሳ አያውቀውም። ለኩ። ከዛ ሜሹን መልሱና ዋናው ኖድ ላይ ሰክታችሁ ለኩ፣ ከዛ ስዊቹ ላይ፣ ከዛ ሁለተኛው ኖድ ላይ፣ ሁሌም በዛችው ገመድና በዛው ላፕቶፕ። ቁጥሩ የት ጋ እንደወረደ ስታዩ ጥፋቱ በዛችና ከሷ በፊት ባለችው ነጥብ መሀል ነው። ይሄን ስታደርጉ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ፊልም እንዳያይ፣ ካሜራዎቹና ፎቶ ወደ ክላውድ ሚልኩት ስልኮች ሁሉ እንዲጠፉ አድርጉ፣ በተለይ አፕሎዱ ትንሽ የሆነ የኬብል ኢንተርኔት ላይ አፕሎዱ ከሞላ ዳውንሎዱም ይታነቃል።

ሞደሙ ላይ በቀጥታ ስትለኩ ራሱ ዝቅ ያለ ከሆነ በቃ የናንተ ቤት ጉዳይ አይደለም። ጠዋትም ማታም ለክታችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፣ ማታ ብቻ ሚወርድ ከሆነ የሰፈሩ መስመር ተጨናንቋል፣ ሁሌም ዝቅ ያለ ከሆነ መስመሩ ወይ ሞደሙ ነው። ለኢንተርኔት ድርጅቱ ስትደውሉ "ዋይፋዬ ቀርፋፋ ነው" አትበሉ፣ ራውተሩን አጥፍተህ አብራ ብለው ነው ሚመልሷችሁ። "ሞደሙ ላይ በቀጥታ በገመድ ነው የለካሁት፣ ሊንኩ 1000 ነው ሚለው፣ ገመዱን ቀይሬዋለሁ፣ ጠዋት ይሄን ያህል ማታ ይሄን ያህል ነው" በሏቸው፣ ቀጥታ ቴክኒሻን ይላክልኝ በሉ፣ ሰውየው ሲመጣም ሳጥኑን አይቶ ብቻ እንዳይሄድ እናንተው በለካችሁበት ፖርት ላይ በራሱ መሣሪያ እንዲለካላችሁ ጠይቁት።